ባትል ኪድን የሞከራችሁ፦ ከባድ ነው ወይስ ግፈኛ?

ጨለማ_ካርትሪጅ

ሰላም ለሁላችሁም። «ባትል ኪድ፦ ፎርትረስ ኦፍ ፔሪል» በተነሳ ቁጥር ሰዉ «ኧረ እሱ አይቻልም» ብሎ ያልፈዋል። ለምን እንደማይቻል፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚከብድ ዘርዝሮ የሚያወራ ግን አላገኘሁም። ይሄን ርዕስ የከፈትኩት ለዚያ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ በ2010 የወጣ፣ ለኒንቴንዶ ኤንኢኤስ (የ1980ዎቹ የቤት ኮንሶል) የተሰራ ሆምብሩ (ከኩባንያ ውጭ በግል የሚሰራ) ፕላትፎርመር (እየዘለልክ የምታልፍበት ጌም) ነው። ለኮንሶሉ በይፋ ጌም መውጣት ካቆመ ከአስር ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ሲቫክ ጌምስ በሚል ስም የሚሰራ ሰው በአብዛኛው ብቻውን፣ በ6502 አሴምብሊ (የኮንሶሉ ፕሮሰሰር ቋንቋ) ጽፎት በእውነተኛ ካርትሪጅ ወጣ። ከ500 በላይ ክፍሎች አሉት። ስክሪኑ አይንሸራተትም፤ ከአንዱ ክፍል ጠርዝ ስትወጣ ቀጣዩ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይመጣል። ልጁ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይተኩሳል፤ አንዴ ከተነካ አለቀ። የሚቀንስ የጉልበት መስመር የለም።

በ2007 ለኮምፒውተር ከወጣው «አይ ዋና ቢ ዘ ጋይ» መንፈሱን መውሰዱ ግልጽ ነው። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው ባይ ነኝ። ያኛው ሊያታልልህ ነው የተሰራው፤ ዛፍ ላይ ያለው ፍሬ ወደ ላይ ሊወድቅብህ ይችላል። ባትል ኪድ ውስጥ ስትገባ ክፍሉ ፊትህ ተዘርግቷል። እሾሁ ይታያል፣ ጠላቱ ይታያል፣ መውጫው ይታያል። ጠላቱ አሁን የሄደበትን መንገድ ስትመለስም ይሄድበታል። የሚቀርህ ማንበብና እጅህን ማስተማር ብቻ ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም፦ በጣም ከባድ ነው፣ ግፈኛ ግን አይደለም። እናንተስ?

የቦስ_ጠላት

አልስማማም። «ሁሉም ነገር ይታያል» ማለት ፍትሃዊ ነው ማለት አይደለም።

አንዴ ተነክቶ መሞት ጌም ለማክበድ በጣም አጭሩ መንገድ ነው። በ1987 የወጣውን ሜጋ ማን ተመልከት፤ እሱም ከባድ ነው፣ ግን የጉልበት መስመር ስላለህ ስህተትህ ዋጋ ያስከፍልሃል እንጂ ወዲያው አያባርርህም። በዚያ መሀል ትማራለህ። ቦሱ (ትልቁ ጠላት) ሁለተኛ ጥቃቱን ሲጀምር በሕይወት ስላለህ ጥቃቱን ታየዋለህ። እዚህ ግን የቦሱን ሁለተኛ ጥቃት ለማየት የመጀመሪያውን ያለ እንከን ማለፍ አለብህ፤ ሦስተኛውን ለማየት ሁለቱን። አዲስ ነገር የምታየው ለጥቂት ቅጽበት ነው፣ ከዚያ ሞተህ ያንኑ የምታውቀውን እንደገና ትሰራለህ። ያ ትምህርት አይደለም፣ ወረፋ ነው።

ሁለት_ለአንድ

ሁለታችሁም «አንዴ ተነክቶ መሞት» ላይ ተጣብቃችኋል። የክብደቱ ምንጭ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል፦ በአንድ ሴቭ ነጥብና (ስትሞት የምትመለስበት ቦታ) በቀጣዩ መካከል ስንት ክፍል አለ የሚለው ላይ።

ሂሳቡን እንስራው። አንድን ክፍል ከአስር ሙከራ ስምንቱን ታልፋለህ እንበል፤ ጎበዝ ነህ ማለት ነው። በሴቭ ነጥቦቹ መካከል እንደዚህ ያሉ 5 ክፍሎች ካሉ ሳትሞት የማለፍ ዕድልህ 0.8 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 33 በመቶ ገደማ ነው። በአማካይ ሦስት ሙከራ። ክፍሎቹ 10 ሲሆኑ ግን ዕድልህ ወደ 11 በመቶ ይወርዳል፤ በአማካይ ከዘጠኝ ሙከራ በላይ ያስፈልግሃል። ክፍሎቹ አልከበዱም፣ ጠላት አልተጨመረም፣ የተቀየረው ርቀቱ ብቻ ነው።

አሁን ገልብጡት። በየክፍሉ ትንሽ ተሻሽለህ ከ0.8 ወደ 0.9 ብትደርስ የ10ሩ ክፍል ጉዞ ከ11 በመቶ ወደ 35 በመቶ ይዘላል። ከሦስት እጥፍ በላይ! እንዲህ ያሉ ጌሞች ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም ለውጥ ሳይታይ ቆይቶ ድንገት «ተከፈተልኝ» የሚባለው ለዚህ ነው። ችሎታህ ቀስ ብሎ ነው ያደገው፤ ውጤቱ ግን እየተባዛ ስለሚሄድ ድንገተኛ ይመስላል።

የቦስ_ጠላት ያነሳው የቦስ ጉዳይም ይሄው ሂሳብ ነው። የቦስ ጥቃቶች በመካከላቸው ሴቭ የሌላቸው ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ ቅሬታው ልክ ነው፣ ግን ተጠያቂው አንድ ምት ሳይሆን የሰንሰለቱ ርዝመት ነው።

የቦስ_ጠላት

@ሁለት_ለአንድ ሂሳቡን ወደድኩት። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይጎድለዋል። 0.8 ያልከው በየሙከራው እኩል አይደለም። አስረኛው ክፍል ላይ የደረሰ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ የሚሞተው ክፍሉ ከብዶት ሳይሆን ዘጠኙን የማጣት ፍርሃት ይዞት ነው። ንድፍ አውጪው ያንን ፍርሃት እንደ መሣሪያ ሲጠቀምበት ደስ አይለኝም።

ጨለማ_ካርትሪጅ

@የቦስ_ጠላት እኔን ደግሞ የሚያስደስተኝ እሱ ፍርሃት ነው! ያለሱ ያ ክፍል ሌላ ክፍል ነው። ሴቭ ነጥቡን ከርቀት ስታየው የሚሰማህን ነገር የጉልበት መስመር ያለው ጌም ሊሰጥህ አይችልም።

ደግሞም ምርጫ አለህ። ባትል ኪድ የክብደት ደረጃዎች አሉት፤ ወደ ከባዱ በሄድክ ቁጥር የሚፈቀድልህ የመቀጠያ ብዛት እየጠበበ ይሄዳል። በመደበኛው ደረጃ የፈለግከውን ያህል ሞተህ መቀጠል ትችላለህ፤ ፓስወርድም ስላለ ኮንሶሉን አጥፍተህ ሌላ ቀን ከደረስክበት ትነሳለህ።

አሮጌ_ቲቪ

ልጆች፣ በውይይታችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምር።

የድሮዎቹ ጌሞች ለምን ያን ያህል ይከብዱ እንደነበር ስታስቡ ከየት እንደመጡ አትርሱ። ብዙዎቹ ከአርኬድ ማሽን የመጡ ናቸው። አርኬድ ላይ ተጫዋቹ ቶሎ ካልሞተ ማሽኑ ቀጣዩን ሳንቲም አያገኝም። «ጎስትስ ኤን ጎብሊንስ» በ1985 የወጣው አርኬድ ላይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተመታህ ትሞታለህ፣ ጌሙን እስከ መጨረሻው አድርሰህ ደግሞ ትክክለኛውን ማብቂያ ለማየት ከመጀመሪያው እንደገና እንድትጨርሰው ያስገድድሃል። ያ ክብደት ቤት ውስጥ ባለው ኮንሶል ላይ ሲመጣ ምክንያቱ ቀርቶ ልማዱ ብቻ ተከተለው።

ዛሬ ሆምብሩ የሚሰራ ሰው ግን ሳንቲም የሚጠብቅ ማሽን የለበትም። ጌሙ እንዲረዝም የሚያስገድደው አሳታሚ የለበትም። ስለዚህ የሚያከብደው ሆን ብሎ፣ ወዶ ነው። በዚህ ምክንያት እኔ የሆምብሩን ክብደት ከድሮው በጠበቀ መለኪያ ነው የምመዝነው፤ እያንዳንዱ እሾህ የተቀመጠበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ባትል ኪድ አብዛኛውን ጊዜ ያንን ያልፋል። ባዶ ቦታ ለመሙላት የተቀመጠ እሾህ እምብዛም አላየሁበትም።

ዘጠነኛዋ_ስፕራይት

ጋሼ አሮጌ_ቲቪ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ከማሽኑ በኩል ልምጣ። ስለ ክብደት ስናወራ «ንድፍ» ብቻ ነው የምናነሳው፤ የዚህ ጌም ቅርጽ ግማሹ የመጣው ከኤንኢኤስ አቅም ነው።

ፕሮሰሰሩ 1.79 ሜጋኸርዝ ነው፣ ራሙ 2 ኪሎባይት። በአንድ ፍሬም (አንድ የስክሪን ምስል) ውስጥ የሚሰራው ወደ 29,780 ሳይክል (የፕሮሰሰር ምት) ብቻ ነው፤ ስክሪን ላይ ያለውን ነገር በሰላም መቀየር የሚቻለው ደግሞ ከዚያ ውስጥ ወደ 2,270 በሚሆነው ትንሽ መስኮት ነው። በዚያ መስኮት ሙሉ ስክሪን መጻፍ አይቻልም። የሚንሸራተት ስክሪን የሚሰራ ሰው ጫፉን ብቻ በየጊዜው እየጻፈ ይሄዳል። በክፍል የተከፋፈለ ጌም ግን ምስሉን ለቅጽበት አጥፍቶ ክፍሉን በሙሉ ጽፎ ይመልሰዋል። ለፕሮግራመሩ ቀላል ነው፤ ለተጫዋቹ ደግሞ ጨለማ_ካርትሪጅ የወደደውን ነገር ይሰጠዋል፦ ከስክሪን ውጭ የተደበቀ ነገር የለም።

ስለ 500 ክፍል ደግሞ አስቡት። አንድ ስክሪን በ16 ፒክሰል ብሎኮች ሲከፈል 16 በ15፣ ማለትም 240 ብሎክ ነው። ለአንድ ብሎክ አንድ ባይት ብትሰጡ 500 ክፍል 120,000 ባይት ይፈጃል። ያለ ተጨማሪ ቺፕ የሚሰራው ቀላሉ ካርትሪጅ ለፕሮግራምና ለዳታ ያለው 32 ኪሎባይት ነው፤ ኮድና ሙዚቃ ሳይገባ እንኳ 136 ክፍል ላይ ይሞላል። ስለዚህ ያ ሁሉ ክፍል እንዲገባ ትልቅ ሮም (የጌሙ ዳታ ያለበት ቺፕ)፣ ባንክ የሚቀያይር ማፐርና (የሮሙን ክፍሎች ተራ በተራ ለፕሮሰሰሩ የሚያቀርብ ተጨማሪ ቺፕ) ምናልባትም የዳታ ማመቅ ያስፈልጋል። በሌላው ጫፍ በ2019 የወጣው ማይክሮ ሜጅስ አለ፤ ሁሉንም ነገር በ40 ኪሎባይት ውስጥ ከተውታል፣ እዚያ ጌሙ ራሱ በዚያ ቁጠባ ዙሪያ ነው የተነደፈው።

አንድ ምት ይገድላል የሚለውም ከማሽኑ ጋር ይጣጣማል። በአንድ አግድም መስመር ላይ ስምንት ስፕራይት (የሚንቀሳቀስ ትንሽ ምስል) ብቻ ነው የሚታየው፤ ዘጠነኛው ይጠፋል። (ስሜም ከዚያ ነው።) ጥይት የማይታይበት ፍሬም ካለና አንድ ምት የሚገድል ከሆነ ተጫዋቹ ያላየው ነገር ገደለው ማለት ነው። ጥሩ ሰሪ በየፍሬሙ ቅደም ተከተሉን እያዟዟረ ሁሉም ተራ በተራ እንዲጠፋ ያደርጋል፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ከዚያ ነው። ከዚያ የተሻለ ሰሪ ግን ክፍሉን ሲነድፍ ስምንቱ እንዳይሞሉ አድርጎ ነው የሚነድፈው።

ጀማሪ_ዘላይ

ሰላም፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ዘመናዊ ቲቪ ላይ እየተጫወትኩ ዝላዬ ሁሌ የሚዘገይ ይመስለኛል። ጠርዝ ላይ ሆኜ ነው የጫንኩት ብዬ እምላለሁ፣ ልጁ ግን ዝም ብሎ ይወድቃል። ችሎታ ማነስ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

አሮጌ_ቲቪ

ልጄ፣ መጀመሪያ ቲቪውን ጠርጥር። የድሮው ባለ መስታወት ቲቪ ምልክቱ እንደገባ ነው የሚስለው፤ ምስሉን ይዞ አያቆየውም። የዛሬው ጠፍጣፋ ቲቪ ግን ፍሬሙን ተቀብሎ፣ አሳድጎና አስተካክሎ ነው የሚያሳይህ። ይሄ ሥራ እስከ 50 ሚሊሰከንድና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ኤንኢኤስ በሰከንድ 60 ፍሬም ገደማ ስለሚሰራ 50 ሚሊሰከንድ ሦስት ፍሬም ነው። ልጁ በፍሬም 1.5 ፒክሰል የሚሮጥ ከሆነ አንተ ካየኸው ቦታ አራት ፒክሰል ተኩል አልፎ ሄዷል። ጠርዝ ላይ ያ መውደቅ ነው።

የቲቪህን የጌም ሁነታ አብራ። በኢሙሌተር (ኮንሶሉን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ከሆነ ደግሞ ሬትሮአርች ውስጥ ራን አሄድ የሚባል ነገር አለ፤ ጌሙን በስውር አንድ ሁለት ፍሬም ወደፊት እያስኬደ መዘግየቱን ይቀንስልሃል። ያን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከወደቅህ ልምምድ ነው የሚቀርህ።

ዘጠነኛዋ_ስፕራይት

@ጀማሪ_ዘላይ ጋሼ ካሉት ሌላ፣ ጌሙ ራሱም ሊሆን ይችላል። ብዙ የዛሬ ፕላትፎርመሮች ከጠርዝ ካለፍክ በኋላም ለጥቂት ፍሬም መዝለል ይፈቅዱልሃል፤ መሬት ከመንካትህ በፊት የጫንከውንም ዝላይ አስታውሰው ልክ ስትነካ ያዘሉሃል። ተጫዋቹ አያስተውለውም፣ «እንዴት ደስ የሚል ኮንትሮል» ብሎ ያልፋል። የድሮ ጌሞች አብዛኞቹ ይሄ የላቸውም። በዘመናዊው የለመደ እጅ ወደ ድሮው ሲመጣ ቀድሞ መጫንን እንደ አዲስ መማር አለበት።

ሌላ ደግሞ ሆምብሩ ለሚሰሩ ሁሉ በጣም አስፈላጊ ነገር አለ። የኤንኢኤስ ኮንትሮለር ስምንቱን ቁልፎች የሚልከው አንድ በአንድ፣ በተራ ነው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሰሌክት፣ ስታርት፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ። የድምፅ ናሙና የሚያጫውተው ቻናል ዳታ ለማምጣት ፕሮሰሰሩን ለቅጽበት ሲያቆም፣ ልክ ኮንትሮለሩ እየተነበበ ባለበት ሰዓት ከሆነ አንድ ቢት ይዘለላል። የቀሩት አንድ ቦታ ይሸጋሸጋሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚነበበው ባዶ ቦታ ደግሞ «ተጭኗል» ሆኖ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ማን ነው? ቀኝ። ማንም ሳይነካው ልጁ ለአንድ ፍሬም ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ተራ ጌም ላይ አይታወቅም። በአንድ ምት የሚገድል ጌም ላይ ግን ከእሾህ አንድ ፒክሰል ርቆ የቆመ ልጅ ከበሮ በተመታ ቁጥር ሊሞት ይችላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ኮንትሮለሩን ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ ሁለቱ እስኪስማሙ ድገሙ። ወይም በናሙና የሚጫወት ከበሮ አትጠቀሙ። ይሄን ሳያስተካክል «በጣም ከባድ ጌም» ብሎ የሚያወጣ ሰው ተጫዋቹን እየበደለ ነው፤ እዚህ ላይ መለሳለስ አልችልም።

ጀማሪ_ዘላይ

የጌም ሁነታውን አበራሁት፣ ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ!

ሁለት_አውራጣት

ይሄን ውይይት ከመጀመሪያው እያነበብኩ ነው፣ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈለግኩም።

እኔ የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም አለብኝ። አንድን ክፍል ማንበብ እችላለሁ፤ የጠላቱን መንገድ፣ የምዘልበትን ቦታ፣ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ጣቴ ግን አንዳንድ ቀን አይታዘዘኝም። ስለዚህ በኢሙሌተር በየክፍሉ መግቢያ ሴቭ ስቴት እያስቀመጥኩ ነው የምጫወተው፣ ቀን ሲከብድ ፍጥነቱንም እቀንሳለሁ። እንዲህ አድርጌ የሄድኩበትን ስጽፍ ግን ሁሌ የሚመጣው መልስ «አልጨረስሽውም» የሚል ነው።

ሁለት_ለአንድ ባቀረበው ሂሳብ ካየነው እኔ የቀየርኩት የሰንሰለቱን ርዝመት ነው። እያንዳንዱን ክፍል ያለፍኩት ግን እኔ ነኝ። ይሄ ለናንተ ምንድነው?

ጨለማ_ካርትሪጅ

@ሁለት_አውራጣት ጨርሰሽዋል። ከልቤ ነው።

የፍጥነት ውድድር ሰንጠረዥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ሁሉም በአንድ ደንብ መወዳደር ስላለበት ሴቭ ስቴት አይገባም፣ ማንንም አይጎዳም። ክፍሉን አንብቦ፣ መፍትሔውን አግኝቶ ማለፍ ግን የጌሙ እምብርት ነው፣ ያንን አድርገሻል።

የቦስ_ጠላት

@ሁለት_አውራጣት እኔም እስማማለሁ፤ እንዲያውም ጥያቄሽ ለሰሪዎች መቅረብ ያለበት ይመስለኛል። በ2018 የወጣው ሴለስት በጣም ከባድ ፕላትፎርመር ነው፣ ግን ፍጥነቱን መቀነስ የሚያስችል የእርዳታ ሁነታ ውስጡ አለው። ጌሙን ያረከሰው ሰው አላየሁም። ለኤንኢኤስ የሚሰራ ሰውም በየክፍሉ ሴቭ የሚያደርግ ደረጃ ቢጨምር የሚፈጅበት ጥቂት ባይት ነው፤ የተጫዋቹን የክፍል ቁጥርና ቦታ ማስታወስ ብቻ።

አሮጌ_ቲቪ

@ሁለት_አውራጣት ልጄ፣ ፍጥነት መቀነስ ያልሽው ነገር አዲስ ወይም የተከለከለ እንዳይመስልሽ። በፓል አገሮች (የፓል ቲቪ ስርዓት በሚጠቀሙ፣ እንደ አውሮፓ) የተሸጠው ኤንኢኤስ በሰከንድ 50 ፍሬም ነበር የሚሰራው። ለ60 የተሰራ ጌም ሳይስተካከል እዚያ ሲገባ በ83 በመቶ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ስንት ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ተጫውቷል፤ «አልጨረስክም» ያለው የለም። ኢሙሌተርሽን 83 በመቶ ላይ አድርጊና ብዙ ሰው በእውነተኛው ኮንሶል በተጫወተበት ፍጥነት ተጫወቺ።

ሁለት_አውራጣት

ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዝላይ_ሰሪ

እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቅ ስለሆነ የራሴን ክፍል ላቅርብ። ለኤንኢኤስ ከባድ ፕላትፎርመር እየሰራሁ ነው፣ 32 ኪሎባይት፣ ያለ ማፐር። አንድ ክፍል ላይ የሞከሩልኝ ሰዎች ሁሉ ተቆጥተው ያቆማሉ። «ከባድ ነው» ሳይሆን «ዝም ብሎ ይገድለኛል» ነው የሚሉኝ።

ክፍሉ እንዲህ ነው። ከታች እሾህ። በላዩ በአንድ ከፍታ ላይ ወደ ግራና ቀኝ የሚንቀሳቀሱ ሦስት መርገጫዎች፣ እያንዳንዳቸው 32 ፒክሰል ስፋት፤ ሄደው የሚመለሱት በ96 ፍሬም ነው። ግድግዳው ላይ መድፍ አለ፣ በየ64 ፍሬሙ ይተኩሳል። ዝላዩ በፍሬም 4 ፒክሰል ይጀምራል፣ የመሬት ስበቱ ከፍጥነቱ በየፍሬሙ ሩብ ፒክሰል ይቀንሳል፣ አግድም ፍጥነቱ 1.5 ነው። እኔ ራሴ ያለችግር አልፈዋለሁ።

ሁለት_ለአንድ

@ዝላይ_ሰሪ ቁጥሮቹን ስለሰጠኸን እናስላው።

ዝላይህ ወደ 32 ፒክሰል ከፍ ይላል፣ ሁለት ብሎክ ማለት ነው። ለመውጣት 16 ፍሬም፣ ለመውረድ 16፣ ድምሩ 32፤ በዚህ ጊዜ 48 ፒክሰል ወደፊት ይሄዳል። ይሄ ጤናማ ነው፣ ችግሩ እዚህ አይደለም።

ችግሩ 96 እና 64 ናቸው። ሁለቱ ዑደቶች አንድ ላይ የሚገጥሙት በየ192 ፍሬሙ፣ ማለትም ከሦስት ሰከንድ ትንሽ በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ መሀል መርገጫው ሁለቴ ሲመላለስ መድፉ ሦስቴ ይተኩሳል። ተጫዋቹ ከመርገጫው ጋር ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ዙር ላይ ያየው ጥይት በሁለተኛው ዙር በዚያ ሰዓት አይመጣም። የተማረው ነገር ይክደዋል። መድፉን 48 ወይም 96 አድርገው፤ በእያንዳንዱ ዙር ጥይቱ በአንድ ሰዓት ይመጣል፣ ያኔ ልቡ ምት ይይዛል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ተጫዋቹ ሞቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ቆጣሪዎቹ ከዜሮ ይጀምራሉ?

ዝላይ_ሰሪ

አይ። ለሁሉም ነገር አንድ የፍሬም ቆጣሪ ነው ያለኝ፣ ኮንሶሉ ከበራ ጀምሮ ይቆጥራል። መርገጫዎቹም መድፉም ከሱ ነው የሚያነቡት። ራም ለመቆጠብ ነው።

ሁለት_ለአንድ

እንግዲያው ተገኘ። ሰዎችህ በገቡ ቁጥር የተለየ ክፍል ነው የሚያገኙት። አንተ የምታልፈው ስርዓቱን ስለምታውቅ ነው፤ መርገጫው ባለበት ቦታ ሆኖ ብታየውም ትገምተዋለህ። ለእነሱ ግን ያለፈው ሙከራ ለቀጣዩ ምንም አይነግራቸውም። ጨለማ_ካርትሪጅ መጀመሪያ ላይ ያለውን እንደገና አንብበው፦ «አሁን የሄደበትን መንገድ ስትመለስም ይሄድበታል»። የዚህ ዓይነት ጌም ውሉ እሱ ነው።

ለክፍሉ አንድ ባይት ቆጣሪ ለብቻው ስጠው፣ ክፍሉ ሲጫን ዜሮ አድርገው፣ 96 ሲደርስም መልሰህ ዜሮ አድርገው። አንድ ባይት ከ2 ኪሎባይት ውስጥ አይቆጭም።

ዘጠነኛዋ_ስፕራይት

@ዝላይ_ሰሪ ሌላም ነገር አለ፣ እሱም «ዝም ብሎ ይገድለኛል» ከሚሉት ጋር ይያያዛል።

ሦስት መርገጫ በአንድ ከፍታ፣ እያንዳንዱ 32 ፒክሰል ስፋት ካለው በ8 ፒክሰል ስፕራይት አራት አራት ነው። በአንድ መስመር 12 ስፕራይት። ገደቡ 8 ነው። ጥይቱ በዚያ ከፍታ ከመጣ 13ኛ ይሆናል፤ ልጁ በሁለት መርገጫዎች መሀል እየወረደ ከሆነ ሁለት ጨምርበት። ጥይቱ በዝርዝርህ መጨረሻ ላይ ከሆነ በዚያ መስመር ላይ ሁሌም አይታይም። ሰዎችህ የማያዩት ጥይት እየገደላቸው ሊሆን ይችላል። ኢሙሌተርህ የስፕራይት ገደቡን እንዲያነሳ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ አንተ ታየዋለህ፣ በእውነተኛ ኮንሶል የሞከሩት አያዩትም። ያንን ምርጫ አጥፋው።

መርገጫዎቹን በደረጃ አስቀምጣቸው፦ አንዱ ከሌላው ቢያንስ 8 ፒክሰል ከፍ ወይም ዝቅ ይበል፤ ያኔ በአንድ መስመር አራት ብቻ ይሆናሉ። ለጥይቱና ለልጁ ቦታ ይተርፋል። መልኩም ያምራል።

እና እባክህ የእሾሁን ገዳይ ክልል ከስዕሉ አጥብበው። ስዕሉ 16 ፒክሰል ቢሆን ገዳዩ 10 ይበቃል። ተጫዋቹ «ለጥቂት ተረፍኩ» እንዲል አድርገው፤ «ሳልነካው ገደለኝ» የሚልበትን አንድም አጋጣሚ አትተውለት።

ዝላይ_ሰሪ

ሦስቱንም አስተካከልኩ። የክፍሉ ቆጣሪ ሲገባ ዜሮ ይሆናል፣ መድፉ በየ48 ፍሬሙ ነው፣ መርገጫዎቹ በደረጃ ሆነዋል። የእሾሁን ክልልም አጠበብኩ። ከቀድሞዎቹ ሞካሪዎች ለሁለቱ ላክሁላቸው፤ አሁንም ይሞታሉ፣ ብዙ ይሞታሉ፣ ግን ሁለቱም አላቆሙም። አንዷ እንዳለፈች የላከችልኝ መልእክት «ሌላ ክፍል አለ?» የሚል ነበር።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ በ50 ፍሬም ኮንሶል የሚጫወቱ ሰዎች አሉኝ። ፍጥነቱን ላስተካክልላቸው ወይስ ልተወው?

አሮጌ_ቲቪ

ሙዚቃውን አስተካክልላቸው፣ በዝግታ ሲጎተት ጆሮ ያማል። እንቅስቃሴውን ግን ተወው። 48 ፍሬም በ60ው ላይ 0.8 ሰከንድ ነው፣ በ50ው 0.96። የፍሬሞቹ ብዛት ስላልተለወጠ ዝላዩና ጥይቱ እርስ በርስ እንደተገጣጠሙ ይቆያሉ፤ ክፍሉ ያው ክፍል ነው፣ ትንሽ ረጋ ያለ ብቻ። ፍጥነቱን አባዝተህ ለማስተካከል ከሞከርክ ግን በየፍሬሙ የሚሄደው ፒክሰል ይቀየራል፣ ዝላዩ የሚያርፍበት ቦታም አብሮ ይንሸራተታል፤ ያኔ እያንዳንዱን ክፍል ከመጀመሪያው መፈተሽ ይኖርብሃል።

ሁለት_አውራጣት

@ዝላይ_ሰሪ ሮሙን ስታወጣ ለኔም ላክልኝ። በየክፍሉ ሴቭ የሚያደርግ ደረጃ ከጨመርክበት ደግሞ እሱን በደንብ ፈትሼ ያገኘሁትን ባግ ሁሉ እጽፍልሃለሁ።

ዝላይ_ሰሪ

@ሁለት_አውራጣት እጨምረዋለሁ፤ የክፍል ቁጥሩን አስቀድሜ ራም ላይ ስለምይዘው ቦታ አይፈጅብኝም። የመጀመሪያው ሮም ላንቺ ነው።